ያልተበጠሰው ቡሎን

በጋራዦቹ መንገድ ላይ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ የለም። ሁሉም እትዬ ሞርሳ ነው የሚላት። ሞርሳ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ አንዴ ከነከሰ እጀታውን ካላዞሩለት አይለቅም። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ጎማ ጠጋኙ ነው። እሱ ራሱ ንፋሱ ይባላል፤ ጎማ ሲነፋ ወሬም አብሮ ይነፋልና። «የተዋሰችውን መፍቻ ትረሳለች፤ የሰደባትን ሰው ግን የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ታስታውሳለች» ይላል።

እሷም አትክድም፣ ቂመኛ ነች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ሊመክሯት ለሚመጡ ትልልቅ ሰዎች «እኔ መች ጸሎት ያዝኩ? ስርቆትም አልወጣሁ። ቂሜን ብቻ ይዤ ቤቴ ተቀምጫለሁ» ትላቸዋለች። መካሪዎቹ ስቀው ይሄዳሉ፤ እሷ ግን አልቀለደችም።

ቂሟ ለመንደር የሚበቃ ቢሆንም የያዘችው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በዋርሳዋ፣ በባሏ ታናሽ ወንድም።

ባሏ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ሙያውን የተማረችው ከእሱ ጎን ቆማ ነው፤ መጀመሪያ መብራት እየያዘች፣ ቀጥሎ መፍቻ እያቀበለች፣ በኋላ ደግሞ እሱ «እስኪ አንቺ ግቢና እይው፣ የእኔ ዓይን ደክሟል» እያላት። ሰውየው ቀርፋፋ ነበር። ደንበኛ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ እሱ የጠበቀውን ቡሎን ፈትቶ እንደገና ያጠብቃል። አንድ ልማድም ነበረው። ባሌስትራው ላይ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት በሚሸከመው ድርብርብ ብረት ላይ የሚገባ ቡሎን ከሆነ፣ ዳዶውን ካጠበቀ በኋላ የተረፈውን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ያስፋፋዋል። ከዚያ ወዲያ ዳዶው በመፍቻ አይወጣም፤ መጋዝ ነው የሚያወጣው። ሌሎቹ መካኒኮች «ያንተን ሥራ የሚፈታ ሰው ይረግምሃል» ሲሉት «ይርገመኝ፣ ብቻ በሕይወት ኖሮ ይርገመኝ» ይል ነበር።

ወንድማማቾቹ ከአባታቸው የቀረላቸው አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበር፤ ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጥ። ታናሽየው ይነዳዋል፣ ታላቅየው ይጠግነዋል። አንድ ማለዳ አብረው ወጡ፤ በእግሩ የተመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ፒክአፑ ጠመዝማዛው ላይ ከመንገድ ወጥቶ ከድልድይ ግንብ ጋር ተላትሞ ባሏ እዚያው ቀረ። ዋርሳዋ ግንባሩን በፋሻ አስሮ ለቅሶ ቤት መሀል ቆመና ተናገረ።

«የፊት የግራው ባሌስትራ መያዣ ነው። ቡሎኑ ለሁለት ተበጠሰ። እሱ ራሱ የገጠመው ነው። መሪው ከእጄ ወጣ፣ ምን ላድርግ?»

ወሬው ከለቀስተኛው ቀድሞ ከቤቷ ወጣ። በማግስቱ መንገዱ ሁሉ «የገዛ ሥራው ገደለው» ይል ጀመር። ሙት አይወቀስም ይባላል እንጂ፣ ለወቀሳ እንደ ሙት የሚመች ሰው የለም፤ አፍ አውጥቶ አይመልስ። ደንበኞች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ ዞሩ፤ «እሷም የተማረችው ከእሱ ነው» አሉ። መኪና የሚያመጣላት ሲጠፋ የጋሪ ጎማና የብስክሌት ሰንሰለት እየጠገነች ኖረች። ባሏን የሚያነሣ ሰው ቢገኝ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ነውር ሠርቶ የሞተ ይመስል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ያጽናኗት ነበር። ንጋቱስ በየቀኑ ነጋ፤ እውነቷ ናት የውሃ ሽታ ሆና የቀረችው። ዋርሳዋ ፒክአፑን ከአደጋው ቦታ አስጎትቶ ሌላ ከተማ አቃናው፣ ቀለሙንም አስቀየረው፤ በዚህ መንገድ ዳግመኛ ይዞት አላለፈም። ያ ቡሎን ሲቀጠቀጥ ከወዲያ በኩል ምቱን የሚቀበለውን ከባድ ብረት ደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች። እያንዳንዱ ምት እስከ ትከሻዋ ሲደርስ ትዝ ይላታል። ስለዚህ ተበጠሰ የሚለውን አላመነችም። ቢሆንም ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ሰው አያውቅም። አንዳንድ ቀን የተበጠሰ ቡሎን እጇ ሲገባ «ምናልባትስ?» ትላለች፤ ወዲያው ባሏን ጠረጠርኩት ብላ ራሷን ትጠላለች። ለዚህም ሳይቀር የምትረግመው ዋርሳዋን ነው። እሱ ግን ወፍሮ፣ ጥርሱን እያሳየ ከተማውን ይዞራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱ ረስቶታል፣ እሷ አልረሳችም።

ፒክአፑ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። ከጋራዡ በር ፊት ያለውን የውሃ መውረጃ ሲሻገር ከፊቱ በኩል «ጓ፣ ጓ» አለ፣ ቡሎኑ የላላ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ እንደሚጮኸው። ቀና አለች። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኗል፤ እሷ የምታውቀው ነጭ ነበር። ኮፈኑ ግን ያው ነው፣ የመብራቶቹም አቀማመጥ ያው ነው። የያዘችው መፍቻ ከእጇ ወደቀ።

ከጋቢናው የወረደው የማታውቀው ሰው ነው፤ ጫማው ላይ ዱቄት አለ። ከወንዙ ማዶ ዳቦ ቤት አለኝ አላት።

«አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት፣ እመቤት» አለ። «ከገዛሁት ብዙም አልቆየም። ፊቱ ይንኳኳል፣ ወደ ግራም ይጎትተኛል። እኔ ቀኝ ስለው እሱ ግራ ነው። ከባለቤቴ ጋር እንኳ እንዲህ ተጣልቼ አላውቅም።»

«ከማን ነው የገዙት?»

ነገራት። ዋርሳዋ ነው።

«ስለ ፊቱ ምን አለዎት?»

«አንድ ጊዜ አደጋ ደርሶበት የግራው መያዣ ከነቡሎኑ በአዲስ ተቀይሯል አለኝ። እሱን አታስነካው፣ ቀኙን አሳይ ነው ያለኝ።»

ዋርሳዋ ሹፌር ነው። ያውም ልብሱን የሚወድ ሹፌር፤ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ እንጂ መኪና ሥር ተኝቶ አያውቅም። ወንድሙ የቡሎን ጫፍ እንደሚቀጠቅጥ ማንም መካኒክ ያውቃል፣ እሱ ግን አያውቅም።

«ያስቀምጡትና ይሂዱ» አለችው ሰውየውን።

ክሪክ አስገብታ ፊቱን አነሣች፤ ሻንሲውን በወፍራም የእንጨት ጉማጅ ደገፈች፤ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ገባች። የግራው መያዣ በጭቃና በደረቀ ግሪስ ተለስኗል። በካቻቢቴ ፋቀችው፣ ናፍጣ አርከፈከፈችበት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገችው። አረንጓዴው ቀለም ተላጠ። ከሥሩ ባሏ ዝገት እንዳይበላው በብሩሽ የቀባው ነጭ ቀለም ወጣ። ከነጩ ሥር የቡሎኑ ጫፍ፣ ተቀጥቅጦ የተስፋፋው፣ እንደዚያን ቀኑ ዳዶው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል።

አልተበጠሰም። አልተቀየረም። መፍቻም ነክቶት አያውቅም።

ማርጀትማ አርጅቷል። በቡሎኑና በመያዣው መካከል የሚገባው ጎማ አልቆ ደቋል። ብረት ብረትን እየበላ የመያዣው ቀዳዳ ክብነቱ ጠፍቶ እንቁላል መስሏል። ኳኳታውም ጉተታውም ከዚያ ነው። ቀኙም ያው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ግሪስ እንኳ ሳይቀባው፣ ያንን ግንብ ተላትሞ፣ አሁንም ይዟል።

እዚያው በጀርባዋ እንደተኛች ሳቀች። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶውም ተመልሶ ወደ ሳቅ። ደስ አላት፤ ባሏን ከሰው አፍ ነጥቃ ወደ ቤቷ የመለሰችው መሰላት። «አንተን ጠረጠርኩህ» አለችው ጮክ ብላ፣ ግሪሱን በአውራ ጣቷ እየጠረገች። ከዚያ ደስታው አለቀና ሌላው መጣ። መዶሻውን ይዛ ዋርሳዋ ቤት መሄድ አማራት። ግንባሩ ላይ ያ ፋሻ የነበረበትን ቦታ በደንብ ታውቀዋለች። ተነሥታ እስከ በሩ ደረሰች፣ ተመለሰች። ሰው መሀል ቆሞ የተናገረውን ሰው መሀል ቆሞ ይዋጠው አለች።

ለባለ ዳቦ ቤቱ ደወለችለት። «ላፈርሰው ነው፤ አዲሱን በስህተት እንዳልቆርጥብዎ የሸጠልዎ ሰው መጥቶ በጣቱ ያሳየኝ» አለችው። ዋርሳዋም ሲሸጥ «ችግር ካለ እኔ አለሁ» ብሎ ስለነበር እንቢ ማለት አልቻለም። ከዚያም በላይ ይንቃታል። የጋሪ ጎማ የምትጠግን ሴት ምን ታመጣለች?

በማግስቱ ከባለ ዳቦ ቤቱ ጋር በተወለወለ ጫማ መጣ። እሷም መንገዱን ጠርታ ጠብቃዋለች፤ ብረት በያጅ ጎረቤቷን፣ ንፋሱን፣ እንዲሁም መለዋወጫ የሚሸጡትን ሽማግሌ። ሦስቱም ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሰሙ ናቸው።

«እስኪ ንገረኝ፣ ዋርሳዬ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። የሚያውቋት ሰዎች በድምፁ ደነገጡ። «እንዳልሳሳት ነው። ያኔ የተበጠሰው የቱ ነበር?»

«የግራው ነዋ። አሁን ይሄን ቁስል ምን ያስነካካሻል?»

«ለሁለት ነው የተበጠሰው?»

«ለሁለት። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቁራጩን በእጄ ይዤዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አዲሱንስ ማን ገጠመው?»

«እዚያ ያቃኑልኝ ሰዎች ናቸው። አንዲት ነገር ሳትቀር በአዲስ ነው የተቀየረው።»

«ሰምታችኋል?» ብላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። ሰምተዋል። መብራቱን አንሥታ ለዋርሳዋ ዘረጋችለት። «በል ግባና አዲሱን አሳየኝ። ካርቶን አንጥፌልሃለሁ።»

ሱሪውን አየ። «እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?»

«እንግዲያው በያጁ ይግባ።»

በያጁ ገባ። ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። እግሩ መጀመሪያ ይወዛወዝ ነበር፣ ከዚያ ቆመ። ቆይቶ ሲወጣ እትዬ ሞርሳን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «የሟቹ ሥራ ነው» አለ። «ጫፉ ተቀጥቅጧል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው እኔ አላውቅም። ማንም አልነካውም።» ንፋሱ ተከትሎ ገባ፤ ሲወጣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወራው ጠፋው። ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌም «እኔም በዓይኔ ካላየሁ» ብለው ሁለት ሰው ደግፏቸው ገቡ፣ ሁለት ሰው ጎትቷቸው ወጡ። «ይቅር በይን፣ ልጄ» አሏት። «አብረን ነው የበላነው ሥጋውን።»

ዋርሳዋ ፊቱ አመድ መሰለ። «ዝገት አይታችሁ ነው… ምናልባት ቀኙ ይሆናል የተበጠሰው…»

«ቀኙም ያው ነው» አለችው። «ግባና እይ። የዚያን ዕለት ስትመጣ ዓይንህ ደም መስሎ ነበር፤ ቁርስ አልፈልግም ብለህ በር ላይ ተደግፈህ ስታንጎላጅ አይቼሃለሁ። ተኝተህ ነበር አይደል?»

ባለ ዳቦ ቤቱ የሚገባበት ጠፍቶት «እኔ እኮ ኳኳታው እንዲቆምልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ለራሱ።

«ሸለብ አደረገኝ» አለ በመጨረሻ ዋርሳዋ። «እሱ እኔ ልንዳ ብሎኝ ነበር። ሹፌሩ እኔ ነኝ አልኩት።»

«አልተሰማም። ለቅሶ ቤት ጮኸህ ነበር የተናገርከው።»

ጮኸ። «ተኝቼ ነበር! ቡሎኑ ምንም አልሆነም!» ድምፁ ከወዲያ ማዶ ያሉት ጋራዦች ድረስ ተሰማ፤ መዶሻዎች ቆሙ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከባሏ ሞት ወዲህ አግኝታ አታውቅም፤ ሰውየው ሲያለቅስ እያየች ትንሽ እንኳ አላዘነችለትም። እንዲያውም አልበቃትም።

«አሁን እማማ ጋ እንሄዳለን» አለችው።

እዚህ ላይ ወደ መለመን ዞረ። «አፈር ስሆን፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ እማዬ ግን አትስማ። ልቧ አይችልም።»

እማማ አማቷ ናቸው፣ የሁለቱ ወንድማማቾች እናት። ከባሏ ቤተሰብ የቀሩላት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዋርሳዋን ባየች ቁጥር መንገድ ስትቀይር፣ እሳቸውን ግን ሁልጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ፀጉራቸውን ታጥባቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸዋለች፣ የተበላሸ መቆለፊያ ካለ ትጠግንላቸዋለች። እሳቸውም በታጠበ ፀጉራቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘው «ልጄ ቸልተኛ ነበር፤ በሥራው ሞተ። ይቅር በይው» ይሏታል። እሷም እሺ እማማ ትላለች። ከዋርሳዋ በደል ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብላ ታስብ ነበር፤ እናት የሞተ ልጇን በሐሰት እንድትወቅስ ማድረጉ። ይህን ማንም አይሽረውም፣ ራሱ ካልሻረው።

ከነቱታዋ፣ ከነግሪሷ ከኋላው እየነዳችው ሄዱ። እማማ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። ዋርሳዋ ደፉ ላይ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ያ ነገር… ቡሎኑ አልነበረም። ተኝቼ ነበር።»

እማማ መርፌያቸውን አላቆሙም። «ነግረኸኝ የለም እንዴ?» አሉ። «ምን መልሶ ያስለፈልፍሃል?»

እትዬ ሞርሳ ለሱ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። «መቼ ነው የነገረዎት?» አለች።

«የቀብሩ ዕለት።» ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ቁጭ በይ፣ ልጄ። ሁለት ነበሩኝ። አንዱን አፈር ወሰደብኝ። እውነቱን ባወጣ ሁለተኛውን እስር ቤት ይወስድብኝ ነበር። ማወቄን እንኳ እንዳይናገር አስማልኩት። ስም ለሞተ ሰው ምን ይሠራለታል? የሞተ አይጎዳም ብዬ ነው።»

«እኔስ፣ እማማ? እኔም ሞቼ ነበር?»

እማማ የመርፌውን ክር ቋጠሩ። «አንቺማ ትችይዋለሽ ብዬ ነው» አሉ።

አልተቀመጠችም። ምንም ሳትናገር ወጣች። ዋርሳዋ አሁንም ደፉ ላይ እንደተንበረከከ ነበር፤ ተራምዳው አለፈች።

ጋራዡ ገብታ ቡሎኖቹን በግራይንደር ቆረጠች። ከበያጁ ጋር አዲስ መያዣ አስበየደች፣ አዲስ ጎማ አስገባች፣ አዲሱን ቡሎን አጠበቀች። በያጁ ሳትነግረው ከባዱን ብረት አንሥቶ ከወዲያ በኩል ደገፈላት፤ እሷም ጫፉን ቀጠቀጠችው። ፒክአፑ የውሃ መውረጃውን ድምፅ ሳያሰማ ተሻገረ። ንፋሱ አፉ ተመልሶለት ወሬውን ከተማ ለከተማ ነፋው። መኪኖች ወደ ጋራዟ መምጣት ጀመሩ፤ የባሏም ስም በሙሉ ድምፅ ይጠራ ጀመር። ዋርሳዋ አንገቱን ሰብሮ መሄድ ጀመረ፤ በዚያም፣ መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ አላት።

ቅዳሜ መጣ፣ አልሄደችም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። በሦስተኛው ዋርሳዋ ከጋራዡ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ለመግባት አልደፈረም።

«እማዬ ናት የላከችኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ምን ሆና ቀረችብኝ፣ ፀጉሬም ሳይታጠብ ከረመ፣ ያለሷ አልችልም በላት ብላኛለች።»

እትዬ ሞርሳ የያዘችውን ብረት መሞረዷን ቀጠለች።

«ይችሉታል በላቸው» አለችው።